ከጨለማ ክፍል እስከ ፎቶሾፕ፦ የፎቶ ማስተካከያ መሣሪያዎች ከየት መጡ?

በአማርኛችን «ፎቶሾፕ» የሚለው ቃል ዛሬ የሶፍትዌር ስም ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በስልኩ የመጣለትን ምስል ካላመነው «ተወው፣ ይሄማ ፎቶሾፕ ነው!» ብሎ ያልፈዋል። ቃሉ የውሸት ሌላ ስም ሆኗል ማለት ነው። ያው ሰው ግን ፎቶ ቤት ሄዶ የአባቱን ያረጀ ፎቶ ስንጥቁን ሲደፍኑለት፣ የደበዘዘውን ሲያደምቁለት አመስግኖ፣ ከፍሎ ይወጣል። ያም ፎቶሾፕ ነው። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው?

ጥያቄው ለእኛ ሩቅ አይደለም። ብዙዎቻችን ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ስንል የድሮ ፎቶዎቻችንን ከአልበም አውጥተን ስካን እያደረግን ነው። አንዱ ደብዝዟል፣ ሌላው ጥጉ ተቀዷል፣ ሌላው ላይ ሻይ ፈስሶበታል። ስለዚህ በዚህ ዕድሜያችን የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ከፍተን ሀ ብለን መማር የጀመርን ጥቂት አይደለንም። የመማሪያ ቪዲዮዎቹ የትኛውን ቁልፍ መጫን እንዳለብን ይነግሩናል፤ ቁልፉ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ግን አይነግሩንም።

ለማሳየት የምፈልገው ይህን ነው፦ አንድ ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማራቸው መሣሪያዎች አብዛኞቹ ኮምፒውተር ሳይኖር በሰው እጅ ይሠሩ ነበር። አንዳንዶቹን እንዲያውም ለሕክምና ብለው የሠሯቸው የራጅ ሰዎች ናቸው። ይህን ታሪክ ያወቀ ሰው መቼ እያጠራ፣ መቼ ደግሞ እየዋሸ እንደሆነ መለየት ይቀለዋል። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨለማው ክፍል

ፎቶ «ይታጠባል» እንላለን። ቃሉ የመጣው ከሥራው ነው። ፊልሙ መጀመሪያ በመድኃኒት ታጥቦ ነጋቲቭ ይሆናል፤ በነጋቲቩ ላይ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ነው። ከዚያ ነጋቲቩ ማጉያ ውስጥ ይገባና ብርሃን አልፎበት ከታች በተዘረጋው ወረቀት ላይ ያርፋል። ሕጉ አንድ ነው፦ ብዙ ብርሃን ያገኘ ወረቀት ይጠቁራል፣ ትንሽ ያገኘ ነጣ ብሎ ይቀራል።

እንግዲህ የሰውዬው ፊት ከኮቱ እኩል ጠቁሮ እንዳይወጣ የፈለገ ባለሙያ ክብ ካርቶን ከቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ ያጣብቃል። ማጉያው በበራባቸው ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ካርቶኑን ፊቱ ላይ ጥላ ያደርገዋል። ያ ቦታ ትንሽ ብርሃን ስለሚደርሰው ፈካ ብሎ ይወጣል። በተቃራኒው፣ በጣም ነጥቶ የጠፋ ሰማይ ካለ፣ ሌላውን በእጁ ሸፍኖ ለሰማዩ ብቻ ተጨማሪ ሰከንዶች ይሰጠዋል። የመጀመሪያው «ዶጅ»፣ ሁለተኛው «በርን» ይባላል። ዛሬ በፎቶሾፕ የዶጅ ምልክት እንጨት ላይ የተሰካ ክብ ነገር ነው፤ ጀማሪው ሎሊፖፕ ይመስለዋል። ካርቶኑና ሽቦው ነው። የበርን ምልክት ደግሞ ጨበጥ ያለች እጅ ናት፤ ብርሃን በጣቶቿ መሃል እንዲያልፍ የምታደርግ የባለሙያው እጅ።

ካርቶኑ ዝም ብሎ አይያዝም ነበር። ያለማቋረጥ ይወዛወዛል፣ አለዚያ ጠርዙ ፎቶው ላይ ይታያል። በሶፍትዌሩ «የብሩሹን ጠርዝ ለስላሳ አድርጉ» የሚባለው ትምህርት የዚያ መወዛወዝ ልጅ ነው።

ሌላውም እንደዚሁ ነው። ክሮፕ የሚባለው የመቁረጫ ምልክት ሁለት እንደ አናጺ ስኳድራ የተቆረጡ ነገሮች ናቸው፤ ባለሙያው የቱ ጋ ልቁረጠው ብሎ ፎቶው ላይ ወዲያና ወዲህ የሚገፋቸው ካርቶኖች። ነጠብጣብ ማጥፋትም አዲስ አይደለም፤ በነጋቲቩ ላይ በሹል እርሳስ፣ በታተመው ላይ በቀጭን ብሩሽ ይነካካ ነበር። ባለቀለም ፊልም ከመለመዱ በፊት ጥቁርና ነጭ ፎቶ በእጅ ቀለም ይቀባ ነበር፤ በየቤታችን ሳሎን ከንፈራቸው ቀላ፣ የነጠላቸው ጥለት አረንጓዴ ሆኖ የምናያቸው አያቶች አሉ። ከዳግማዊ ምኒልክ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች የነበሩት አርመናውያኑ የቦያጂያን ቤተሰብ በሠሩበት ዘመን ይህ ሁሉ በዓለም ዙሪያ ተራ የፎቶ ቤት ሙያ ነበር። ማንም «ውሸት ነው» ብሎ አልከሰሰውም፤ ደንበኛው ቀለሙ በእጅ እንደተቀባ ያውቃላ።

የራጅ ሰዎች ድርሻ

ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኘው በኅዳር 1895 ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የሚስቱን እጅ አነሳ፣ ቀለበቷም አጥንቷም ታየ። ከዚያ በኋላ ሐኪሞችን ሲያስቸግር የኖረው ነገር ሁላችንም በብርሃን ሳጥኑ ፊት ቆመን ያየነው ነው፦ በደረት ፊልም ላይ ሳንባው በጣም ይጠቁራል፣ ከልብ ጀርባ ያለው ደግሞ በጣም ይነጣል። አንዱን ለማየት ሌላውን ማጣት ግድ ነው።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሽፒግለርና ዩሪስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በጀርመንኛ በሚታተም የራጅ መጽሔት ላይ መፍትሔ አቀረቡ። ከፊልሙ ሆን ተብሎ የደበዘዘ ግልባጭ ይሠራል። በግልባጩ ላይ ትላልቆቹ የጥቁርና የነጭ ክፍሎች ብቻ ይታያሉ፣ ጥቃቅኑ መስመር ጠፍቷል። ይህ ደብዛዛ ግልባጭ ከዋናው ጋር ተደርቦ ሲታተም ትልልቁ ልዩነት እርስ በርሱ ይጣፋል። በግልባጩ ላይ ያልነበረው ጥቃቅኑ መስመር ግን ሳይነካ ይቀራል፣ ጎልቶም ይታያል። ጭምብሉ ደብዛዛ ስለሆነ ዘዴው በኋላ «አንሻርፕ ማስክ» ተባለ። ዛሬ ፎቶሾፕ የተማረ ሰው ሁሉ «ፎቶ የሚያጠራው መሣሪያ ስሙ ለምን ያልጠራ ይባላል?» ብሎ ግራ ይጋባል። መልሱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የሆላንዳዊው ሐኪም የዚድሰስ ደ ፕላንትስ ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ ያሰበው እንዲህ ነበር፦ የሕመምተኛውን ራስ ቅል ያለ መድኃኒት አንድ ጊዜ አንሳ፤ ቀጥሎ በደም ሥር የሚታይ መድኃኒት ሰጥተህ ድጋሚ አንሳ። የመጀመሪያውን ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርገህ ገልብጠው። ሁለቱን አስተካክለህ ስትደርባቸው በሁለቱም ላይ ያለው አጥንት ይጣፋል፣ በሁለተኛው ላይ ብቻ ያለው ደም ሥር ይቀራል። ይህ «ሰብትራክሽን» የተባለው ዘዴ በ1980 አካባቢ ወደ ኮምፒውተር ገባ። ዛሬ የአንጎልም የእግርም ደም ሥር የምናይበት ዲጂታል ሰብትራክሽን አንጂዮግራፊ የእሱ ልጅ ነው።

ይህን በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ካሜራው ሳይነቃነቅ የተነሱ፣ አንድ ነገር ብቻ የተጨመረባቸው ሁለት ፎቶዎችን በሁለት ሌየር ደርቡ፤ የላዩን «ኢንቨርት» አድርጉትና ግልጽነቱን 50 በመቶ አድርጉት። የማይለወጠው ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናል፣ የተጨመረው ነገር ብቻውን ይወጣል። የሌየርን ትምህርት በዚህ የጀመረ ተማሪ መቼም አይረሳውም።

መስኮቱና ሂስቶግራሙ

ጀማሪ ሁሉ የሚፈራው መሣሪያ «ሌቭልስ» ነው። ተራራ የሚመስል ሥዕል ይመጣል፣ ከሥሩ ሦስት ተንሸራታቾች አሉ። ሥዕሉ ሂስቶግራም ነው፤ በፎቶው ውስጥ ከ0 (ፍጹም ጥቁር) እስከ 255 (ፍጹም ነጭ) ባለው እያንዳንዱ የብርሃን ደረጃ ስንት ነጥብ እንዳለ ይቆጥራል። የደበዘዘ የድሮ ፎቶ ተራራው መሃል ላይ ተሰብስቦ ይታያል። ጥቁሩንና ነጩን ተንሸራታች ወደ ተራራው እግር ስታመጧቸው ፎቶው ነፍስ ይዘራል።

እኛ ሐኪሞች ይህን ሳናውቀው እናውቀዋለን። ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የሠራው ሲቲ ስካን ለመጀመሪያ ጊዜ ሕመምተኛ ያነሳው ጥቅምት 1 ቀን 1971 ለንደን ውስጥ በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል ነው። በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በእሱ ስም በተጠራው መለኪያ ውሃ ዜሮ፣ አየር ከዜሮ በታች 1000፣ አጥንት እስከ 1000ና ከዚያም በላይ ነው። ይህን ሁሉ ደረጃ ዓይናችን በአንድ ጊዜ ለይቶ ማየት አይችልም። ስለዚህ «መስኮት» እንከፍታለን። ለአንጎል መሃሉን ወደ 40፣ ስፋቱን ወደ 80፤ ለሳንባ መሃሉን ከዜሮ በታች ወደ 600፣ ስፋቱን ወደ 1500 እናደርገዋለን። ከመስኮቱ በታች ያለው ሁሉ ጥቁር፣ በላይ ያለው ሁሉ ነጭ ይሆናል። የሌቭልስ ሁለት ተንሸራታቾች ማለት ይኸው መስኮት ነው።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። በሲቲ ስካን መስኮቱን ብትቀያይሩት ከሥሩ ያለው ቁጥር አይነካም፤ የአንጎል መስኮት ያየ ሐኪም ተመልሶ የአጥንት መስኮት ይከፍታል። በተራ ፎቶ ላይ ግን ሌቭልስ ሠርታችሁ «ሴቭ» ካላችሁ፣ ከጥቁሩ ተንሸራታች በታች የነበረው ሁሉ እስከ ወዲያኛው ጠፍቷል። ጄፔግ ከሆነ ደግሞ እንደገና አስተካክላችሁ ባስቀመጣችሁት ቁጥር ትንሽ ትንሽ መረጃ ይጥላል። ለዚህ ነው ጥሩ አስተማሪዎች ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር የሚያስተምሩት፦ ዋናውን ፋይል አትንኩ፣ በግልባጩ ሥሩ፤ ማስተካከያውንም በራሱ ሌየር ላይ አድርጉት። ከጨለማው ክፍል ሰው ጋር ሲነጻጸር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ነጋቲቩን ማንም አይጥልም ነበር።

የአባታቸው ምድር ቤት

በ1987 ቶማስ ኖል በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። የነበረው ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ እንጂ ግራጫ አያውቅም። ቶማስ ግራጫ የሚያስመስል ትንሽ ፕሮግራም ጻፈለትና «ዲስፕሌይ» አለው። ወንድሙ ጆን ለፊልም ልዩ ትርዒት በሚሠራው ኢንደስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ሲያየው ይህማ ከዚህ በላይ ያድጋል አለው። ቶማስ በ1988 ከትምህርቱ የስድስት ወር ዕረፍት ወስዶ ከወንድሙ ጋር ሠራው። በዚያው ዓመት አዶቤ ኩባንያ ፈቃዱን ወሰደ፣ በየካቲት 1990 ፎቶሾፕ 1.0 ለሽያጭ ቀረበ።

ሐኪሞችን ሊያስገርም የሚገባው አባትየው ነው። ግሌን ኖል በዚያው ዩኒቨርሲቲ የኑክሌር ምሕንድስና ፕሮፌሰር ነበሩ። ስለ ጨረር መለኪያ የጻፉት የመማሪያ መጽሐፍ የኑክሌር ሕክምና ፊዚክስ የሚማር ሰው ዛሬም ይዞት የሚዞር ነው። ፎቶ ማንሳትም ይወዱ ስለነበር በቤታቸው ምድር ቤት ጨለማ ክፍል ነበራቸው። ልጆቹ የብርሃንንና የወረቀትን ጠባይ የተማሩት እዚያ ነው። የጨለማው ክፍል ቃላት በሙሉ ወደ ሶፍትዌሩ መሻገራቸው በአጋጣሚ አይደለም።

ቀሪው ደረጃ በደረጃ መጣ። ሌየር የገባው በ1994 በሦስተኛው እትም ነው፤ ከዚያ በፊት አንዴ የለጠፉት ነገር ከሥሩ ካለው ጋር ይዋሃድ ነበር። የሠሩትን ወደ ኋላ ደረጃ በደረጃ የሚያሳየው የ«ሂስትሪ» ሠሌዳ በ1998፣ ጠባሳን ከአካባቢው ቆዳ ጋር አመሳስሎ የሚደፍነው «ሂሊንግ ብራሽ» በ2002 መጡ። ስሙ «የፈውስ ብሩሽ» ማለት ነው፤ ሐኪም ፈገግ ሳይል አያልፈውም።

ገንዘብ መክፈል ለማይችል ተማሪ ደግሞ ሌላ መንገድ ነበር። በ1995 በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች፣ ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ፣ ጂምፕን ጀመሩ፤ በ1996 በነፃ ለሕዝብ ለቀቁት። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ዌይን ራስባንድ ከ1987 ጀምሮ ለሳይንሳዊ ምስል ብቻ የሚሆን ነፃ ፕሮግራም ሠራ፤ የዛሬው ኢሜጅጄ የእሱ ተከታይ ነው። ሁለቱም ዛሬም በነፃ ይገኛሉ።

ሲዋሹበት

እስካሁን ያልነው መልካሙን ነው። ሌላው ገጽ ከኮምፒውተሩ በፊት ተጀምሯል። ኒኮላይ የዦቭ የስታሊን የጸጥታ ሹም ነበር፤ ከስታሊን ጎን በሞስኮ ቦይ ዳር ቆሞ የተነሳው ፎቶ አለ። የዦቭ በ1940 ከተገደለ በኋላ ያው ፎቶ እንደገና ወጣ፣ እሱ በነበረበት ቦታ ላይ ውሃ ብቻ ነበር። መሣሪያው ምላጭ፣ ሙጫና ብሩሽ ነው።

በየካቲት 1982 ናሽናል ጂኦግራፊክ የጊዛን ፒራሚዶች ለሽፋኑ ቅርጽ እንዲመቹ በኮምፒውተር አቀራረባቸው። ማንም አልሞተበትም፤ አንባቢው ግን ፒራሚዶቹ የቆሙበትን ቦታ በመጽሔቱ ማመን አቃተው። በሰኔ 1994 ታይም መጽሔት የኦ ጄ ሲምፕሰንን የፖሊስ ፎቶ አጥቁሮ በሽፋኑ አወጣ። በዚያው ሳምንት ኒውስዊክ ያንኑ ፎቶ ሳይነካ አወጣው። ሁለቱ በአንድ የጋዜጣ መሸጫ ጎን ለጎን ተሰቅለው ሲታዩ ሕዝቡ ተቆጣ። የተደረገው ቴክኒክ በርን ከማድረግ የራቀ አልነበረም። የአንድን ጥቁር ተከሳሽ ፊት ማጥቆር ምን እንደሚናገር ግን ሁሉም ገባው።

በእነዚህ ሦስት ታሪኮች ውስጥ መሣሪያው ጥፋተኛ አይደለም። ጥፋቱ ተመልካቹ ያልተነካ ነገር እያየ እንደሆነ እንዲያምን መደረጉ ነው።

ወደ እኛ ሙያ ሲመጣ

በ2002 የሴል ባዮሎጂ ጆርናል የሚባለው መጽሔት አዘጋጅ ማይክ ሮስነር የተቀበሏቸውን ጽሑፎች ምስል ሁሉ መፈተሽ ጀመረ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ምስሉን በፎቶሾፕ ከፍቶ ብርሃኑንና ንጽጽሩን እስከ ጫፍ መግፋት። በተለመደው ሁኔታ ንጹሕ ጥቁር የሚመስለው ጀርባ ያኔ ድንበር ያወጣል፤ ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈው ይታያል። ሊደብቁበት የተጠቀሙበት መሣሪያ ራሱ አሳጣቸው። ከተቀበሏቸው ጽሑፎች ወደ ሩብ በሚጠጉት ቢያንስ አንድ ምስል እንደገና መሠራት ነበረበት፣ ከመቶ አንድ ያህሉ ደግሞ ውጤቱን የሚለውጥ ማጭበርበር ሆኖ ተገኘ።

የዚያ መጽሔት ሕግ ብዙዎች የተከተሉት ሆነ። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ የትኛውንም የምስሉን ክፍል ለብቻው አታጉላ፣ አትደብቅ፣ አታንቀሳቅስ፣ አታጥፋ፣ አትጨምር። ብርሃንና ንጽጽር ማስተካከል ይፈቀዳል፣ ግን ለምስሉ በሙሉ እኩል ከሆነና የነበረውን ካላጠፋ። ከተለያየ ቦታ የመጡ ክፍሎች ከተጣመሩ መሃላቸው መስመር ይግባ። እንግዲህ ሌቭልስ ለሁሉም እኩል ነው፣ ይፈቀዳል። ዶጅና በርን ቦታ መርጠው ይሠራሉ፣ አይፈቀድም። ሂሊንግ ብራሽማ አይታሰብም።

ይህ የአዘጋጆች ጥብቅነት ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ የደቡብ ኮሪያውን የሁዋንግ ዎ ሱክን ጉዳይ ያስታውስ። በ2005 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ለ11 ሕመምተኞች የራሳቸው የሆነ ግንደ ሴል ሠራን ብሎ አሳተመ። ከማስረጃዎቹ መካከል አንድን ምስል በተለያየ ስም ደጋግሞ ማቅረብ ተገኘበት፤ ምርመራውም ሴሎቹ ጭራሽ እንዳልነበሩ አረጋገጠ። ጽሑፉ በጥር 2006 ተሰረዘ። አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎች ተስፋ አድርገውበት ነበር። በ2016 ደግሞ ኤልሳቤት ቢክና ሁለት ባልደረቦቿ ከ40 መጽሔቶች የወጡ 20,621 ጽሑፎችን ምስል በዓይን ፈትሸው 3.8 በመቶው ላይ አጠያያቂ የሆነ የምስል ድግግሞሽ አገኙ። ቢያንስ ግማሹ ሆን ተብሎ የተደረገ የሚመስል ነበር።

በየቀኑ ሥራችንም ላይ አደጋው አለ፣ ማጭበርበር ባይኖርበትም። ራጅን ከልክ በላይ በአንሻርፕ ማስክ ብታጠሩት በጠርዞች ዙሪያ ጥቁርና ነጭ ጥላ ይፈጠራል፤ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ዙሪያ ከሆነ ብረቱ የላላ ሊያስመስል ይችላል። ቢጫ የሆነ የሕፃን ዓይን ፎቶ ላይ «አውቶ ከለር» የሚለውን ብትጫኑ ሶፍትዌሩ ቢጫውን የመብራት ስህተት አድርጎ ቆጥሮ ያነጣዋል፤ በሽታውን ከፎቶው ላይ አጠበው ማለት ነው። የእኛ ሕዝብ ቆዳ ላይ ይህ የበለጠ ያሳስባል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፎቶ ቤቶች የቀለም ማተሚያቸውን የሚያስተካክሉበት «ሸርሊ ካርድ» የሚባል የኮዳክ ናሙና ነበር። ለረጅም ዘመን በካርዱ ላይ የነበሩት ሴቶች ነጮች ነበሩ፣ የጠቆረ ቆዳ ዝርዝሩ ጠፍቶ ይወጣ ነበር። «ትክክለኛ ቀለም» የሚለው ቅንብር በማን ቆዳ እንደተለካ ሳይጠይቁ መጠቀም ለሐኪም አይሆንም። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ፎቶው ሲነሳ ከቁስሉ አጠገብ ነጭ ወረቀትና ማስመሪያ አስቀምጡ፣ ቀለሙን በወረቀቱ አስተካክሉ።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለመምህራን። ለትምህርት በምናዘጋጀው ፓወርፖይንት ላይ የራጁን ጥግ ክሮፕ አድርገን የሕመምተኛውን ስም ያጠፋን ይመስለናል። አላጠፋነውም። ፓወርፖይንት የተቆረጠውን ክፍል «አጥፋ» ብለን ካላዘዝነው በቀር ደብቆ ያስቀምጠዋል፤ ፋይሉ የደረሰው ተማሪ በሁለት ጠቅታ ስሙን መልሶ ያወጣዋል። ስሙ ላይ ጥቁር ሳጥን መደረብም እንደዚሁ ነው፣ ሳጥኑ ይነሳል። ዓይን ላይ ጥቁር መስመር ማድረግም ሰውን እንደማይሰውር ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ በግልጽ ጽፎታል። ስለዚህ ስሙን በፎቶ ማስተካከያ ውስጥ ቆርጣችሁ፣ አዲስ ፋይል አድርጋችሁ አስቀምጡና ያንን አስገቡ። ፊቱ ወይም ሌላ መለያው የሚታይ ከሆነ ደግሞ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።

የእኛው ፎቶዎች

አሁን ወደ ድሮ አልበማችን። ለጀማሪ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉና በቲፍ አስቀምጡ፣ ያንን ፋይል ከዚያ በኋላ አትንኩት፤ እሱ ነጋቲቫችሁ ነው። በግልባጩ ላይ አቃኑት፣ ክሮፕ አድርጉት፤ ግን ዳር ላይ የቆመ ሰው እንዳይቆረጥ፣ በፎቶው ጀርባ የተጻፈ ስምና ቀን ካለም ለብቻው ስካን ይደረግ። ቀጥሎ ሌቭልስ በራሱ ሌየር። አቧራና ስንጥቅ በባዶ ሌየር ላይ በክሎን ስታምፕና በሂሊንግ ብራሽ ይደፈን። ማጥሪያው መጨረሻ ላይ፣ በትንሹ።

ስንጥቁ ያለፈው በሰማይ ላይ ወይም በግድግዳው ላይ ከሆነ ድፈኑት፣ ምንም አይደል። በሰው ፊት ላይ ካለፈና ከሥሩ ዓይኑ ጠፍቶ ከሆነ ግን እዚያ ላይ ቁሙ። ከ2023 ወዲህ ፎቶሾፕ ራሱ ባዶውን ቦታ ከራሱ አመንጭቶ የሚሞላ መሣሪያ አለው፤ በስልካችንም የደበዘዘን ፊት «የሚያጠሩ» ብዙ ፕሮግራሞች አሉ። የሚሰጡን ፊት ቆንጆ ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ግን የማንም አይደለም። ሶፍትዌሩ ያንን ሰው አይቶት አያውቅም፤ ከሌሎች ሺህ ፊቶች አማካይ ወስዶ ነው የሚሠራው። ከመካከላችን ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ። ልጆቻቸው ይህን መጽሔት ከፍተው «አባቴ ይሄ ነው» የሚሉበት ፎቶ የአባታቸው ይሁን፤ ደብዛዛም ቢሆን።

ስለዚህ ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍልም ለፋኩልቲውም አንድ አንድ ሐሳብ አለኝ። ለዝግጅት ክፍሉ፦ ከስንጥቅ መድፈን ያለፈ ነገር ከተደረገ ከፎቶው ሥር በአንድ መስመር ይጻፍ፤ «ቀኝ ጥጉ ተጠግኗል»፣ «ቀለሙ ዛሬ የተጨመረ ነው» ቢባል ማንንም አያሳፍርም። ዋናዎቹ ስካኖችም ከመጽሔቱ ተለይተው በማኅበሩ ይቀመጡ። ለፋኩልቲው፦ ተማሪዎቻችን የምርምር ጽሑፍ ከመጀመራቸው በፊት ከስታቲስቲክሱ ጎን ግማሽ ቀን ለምስል ይሰጥ። ኢሜጅጄና ጂምፕ በነፃ አሉ፣ ኮምፒውተር ክፍሉም አለን። የመጀመሪያው ልምምድ የዚድሰስ ደ ፕላንትስ ሁለት ፊልሞች ቢሆኑ፣ ሁለተኛው የሮስነር ፍተሻ፣ የማጥራቱንም የመዋሸቱንም መንገድ በአንድ ከሰዓት በኋላ በገዛ እጃቸው ያዩታል።